ድልድዩና መርከቧ



እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኃይል የተቋረጠባት «ዳሊ» የተባለች የጭነት መርከብ በባልቲሞር የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ምሰሶ ገጭታ ድልድዩን ስትጥለው፣ በላዩ ጥገና ላይ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ኮንግረስ በዚያው ዓመት የአዲሱን ድልድይ ወጪ የፌዴራሉ መንግሥት ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን ወሰነ። ተገቢ ነበር።

ይሁንና በ1980 በፍሎሪዳ የሰንሻይን ስካይዌይ ድልድይ በተመሳሳይ ግጭት ፈርሶ 35 ሰዎች አልቀዋል። የመርከብ ግጭትን አስልቶ የመንደፍ ግዴታ ውሎ አድሮ ቢመጣም የተጣለው በአዳዲስ ድልድዮች ላይ ነው፤ በ1977 የተከፈተው የባልቲሞሩ ድልድይ ከግዴታው ውጭ ቀረ። ምሰሶን ለሚከልል መከላከያ መቼም ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይገኝም!

ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2025 የ68 ድልድዮች ተጋላጭነት እንዲገመገም አሳስቧል። ቦርዱ ማሳሰብ እንጂ ማስገደድ አይችልም። ሕግ አውጪው ግን ይችላል፤ ከአዲስ መንገድ በጀት አስቀድሞ ሊያነሣው የሚገባውም ይህንኑ ይመስለኛል።