ስለ ግርሻ ትኩሳት በጠቅላላ ጉባኤያችን የቀረበ ንግግር



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ብርቱ ትኩሳት ሁሉ ተስቦ ይባላል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ለቀቀ ሲሉት ስለሚመለሰው፣ ስለ ግርሻ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው የልብስ ቅማል ነው። ብዙዎቻችን ንክሻው የሚያሲዝ ይመስለናል። ዋናው መንገድ ግን ቅማሉ ሲጨፈለቅ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ መግባቱ ነው። እንግዲህ ማታ ማታ የልጆቻችንን ልብስ ስፌት እየፈተሽን በጥፍራችን የምናደርገውን አስቡት!

ትኩሳቱ አምስት ስድስት ቀን ያነድና ይለቃል። በሽተኛው ተነሥቶ እርሻው ይወርዳል፤ ከሳምንት ወይም ከዘጠኝ ቀን ግድም በኋላ ይመለስበታል። «መድኃኒቱን ለመደው» የሚሉ አሉ። አልለመደውም። ባክቴሪያው ሰውነታችን እንዳያውቀው የላይ ልብሱን ይቀያይራል እንጂ፣ ፔኒሲሊንም ቴትራሳይክሊንም ይገድሉታል። ፔኒሲሊን ረጋ ብሎ ስለሚሠራ ግርሻው በርከት ይላል። ቴትራሳይክሊን ቶሎ ያጠራዋል፤ የሚያስነሣው መንቀጥቀጥ ግን ይበረታል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ስለዚህ ያረገዘች ሴት ለባለሙያው አስቀድማ ትናገር፤ ይህ በሽታ ፅንስ ያስወርዳል።

መንቀጥቀጡ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሕክምናው በተሰጠ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ በሽተኛው ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ቀጥሎ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ቤተሰቡም «መርፌው ሊገድለው ነው» ብሎ ተሸክሞት ሊወጣ ይነሣል። ባክቴሪያው በብዛት እየሞተ ነው እኮ! በዚያ ሰዓት በሽተኛው ተኝቶ መጠበቅ አለበት፤ ብድግ ካለ ሊወድቅ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ይህን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ መድኃኒት ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሟል፤ እኛ ጋ ግን ያለው አስታማሚ ነው። ስለዚህ አባላችን ስትታመም አብራት የሄደችው እዚያው ትደር። ሳይታከሙ ከቀሩት ከ100 ሰዎች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ከታከሙት ከ5 ያነሱ።

ውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ይኸው በሽታ ከምሥራቅ አፍሪካ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ ጀርመንና ኔዘርላንድ ድረስ ታይቷል።

የጥጥ ልብስ ይቀቀላል። ባና ግን ቢቀቀል ይኮማተራል፤ ያለው መላ ሁለት ሳምንት ማንም ሳይለብሰው ለብቻው ማቆየት ነው። በመንዝ ብርድ ሁለት ሳምንት ያለ ባና ማን ያድራል? ለዚህ ነው በየጎጡ ተቀያሪ ባናዎች ይኑሩ ያልነው። የበጉን ጠጉር እኛው እንፈትላለን፤ የጎደለን ለሸማኔው የሚከፈለው ነው። ዋጋውን ገንዘብ ያዣችን አሁን ታነብላችኋለች።