ድንች ሲወደድ ማዕድ ቤታችን ምን ያብስል?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ሒሳብ ክፍል ሲነሣ ብዙዎቻችን የመዋጮ ወሬ ይመስለናል። ዛሬ የምናነሣው ድንችን ነው። በጾም ድንች ሲወደድ የምሳ ሽያጫችን ትርፍ ይሟጠጣል። የሳህኑን ዋጋ እንዳንጨምር ደንበኞቻችን የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ድንቹን እንዳንቀንስ አልጫው ውሃ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ምትክ እንፈልግ ብለን ተነሣን።

መጀመሪያ የጠየቅነው ድንቹ በየምግቡ ውስጥ ሥራው ምን እንደሆነ ነው። በሾርባ ውስጥ ማወፈሪያ ነው፤ ለዚያ ቡላ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ጠብ ማድረግ ይበቃል። በሳንቡሳ ውስጥ ደግሞ ድንቹ ራሱ የምስር ምትክ ሆኖ የገባ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ከፈቀደልን ወደ ምስሩ መመለስ ነው። ጭንቁ አልጫው ላይ ነው፤ እዚያ ሆድ የሚሞላው ድንቹ ነውና።

ለአልጫ ስኳር ድንችና ጎደሬን አየን። ስኳር ድንች ቶሎ ስለሚፈርስ ተለቅ ተለቅ ተደርጎ ይቆረጥና ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ይገባል፤ ዝንጅብሉና ቃሪያው ጠንከር ካላለ ይጣፍጥና ደንበኛ ፊቱን ያጨማድዳል። ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ከተገኘ እሱን እንምረጥ፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ ነጩ ግን በዚህ ደካማ ነው።

ጎደሬ ጥሬውን ሲላጥ እጅ ያሳክካል፤ በደንብ ካልበሰለም ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። በውስጡ መርፌ የሚመስሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ስላሉ ነው። ከወላይታና ከከፋ የመጡ እህቶቻችን ከነልጣጩ ቀቅለው፣ ሲበርድ ይልጡታል። እኛም ይህንኑ ወስደናል፤ እጅን ከማዳኑም በላይ ከልጣጩ ጋር የሚሄደውን ሥጋ ይቀንሳል።

ሒሳቡ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ድንች ኪሎው 40 ብር፣ ጎደሬ 35 ብር ነው እንበል። ከአንዱ ኪሎ ድንች 200 ግራም ልጣጭ ከወጣ የሚበላው 800 ግራም ነው፤ ስለዚህ የሚበላው ኪሎ 50 ብር ወጣበት። ከጎደሬው 300 ግራም ከተጣለ የእሱም የሚበላው ኪሎ ያው 50 ብር ነው! ጎደሬ ብዙ ሰዓት ከሰል ላይ ከቆየ ደግሞ ርካሽ ያልነው ተወዶ አረፈው። ገበያ ላይ የሚጠራውን ዋጋ ብቻ አትመኑ።

አሁን ስለ ካሳቫ። በዋጋው ርካሽ ነውና እሱን እንግዛ ያላችሁ አላችሁ። የሒሳብ ሰዎች ሆነን ሳለ በዚህ ጉዳይ ብሩን አንቆጥርም። መራራው ካሳቫ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያወጣ ነገር አለው፤ ጣፋጩን ከመራራው በዓይን ብቻ መለየትም አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ1981 በሞዛምቢክ ናምፑላ ድርቅ በነበረበት ጊዜ በደንብ ሳይዘጋጅ የተበላ ካሳቫ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን እግር አሽመድምዷል። ኮንዞ ይሉታል፤ አይድንም፤ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ካሳቫን ልጠው፣ ዘፍዝፈው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው በአግባቡ የሚያዘጋጁ እህቶች አሉ፤ የእነሱን እጅ አናጣጥልም። ነገር ግን በየቀኑ በጥድፊያ በምናበስልበት ማዕድ ቤት ይህን ሁሉ ጊዜ ከየት እናመጣለን? ስለዚህ ጥሬ ካሳቫ ለማኅበሩ አይገዛም።

ከሰኞ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ አልጫው በስኳር ድንች ይሠራል፤ ጎደሬውን ቅዳሜ በትንሹ እንሞክረዋለን። ተረኞች ልጣጩን ከመጣላችሁ በፊት መዝናችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉልን፤ የከሰሉንም እንዲሁ። የጥቅል ጎመኑን ነገር ግን ገና አልቆረጥንም፤ ያለ ድንች አይሆንም የሚሉ እህቶች ስለበዙ ለሚቀጥለው ስብሰባ አቆይተነዋል።