የዓርቦቼ ደብተር

እህቶቼ፣ ሪያድ ስገባ የጀመርኩትን ደብተር ሰሞኑን መልሼ አነበብኩት። ለቅሶ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። «የገና ዕለት ሽሮ በሩዝ በላሁ» ይላል፤ ብቻዬን ሳቅኩ። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ፦ «ዛሬ ዓርብ ወጣሁ። ፉጣ መናፈሻ፣ ቀዩ ቤተ መንግሥት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ስሜን አልጠራም።»

ይቺን ደጋግሜ አነበብኳት። ከዚያ እንዲህ ያሉትን ዓርቦች ቆጠርኳቸው፤ በዓመት 11 ብቻ! የአገሩ የቤት ሠራተኞች ደንብ እኮ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይላል። በቃል ብነግራት ማዳም «ሁሌ ትወጪ የለ እንዴ» ነው የምትለኝ። አሁን ግን ቀኑ ተጽፏል። እናንተም የወጣችሁበትን ቀን ጻፉ፤ የት እንደተቀመጣችሁም ጭምር። የእኔ ኮንትራት በሚቀጥለው ወር ይታደሳል፤ ሳልፈርም ደብተሩን ይዤ ሳሎን እገባለሁ።