የጎረቤታችንን ምግብ መሥራት እንማር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ ጉዳይ እንድንናገር ዕድል ስለ ተሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። ሌሎች ስለ ሳይንስና ስለ ታሪክ ሲናገሩ እኛ ስለ ወጥና ስለ ቂጣ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። ነገር ግን ምግብ ማብሰል ሳይንስም ታሪክም ያለበት ሙያ ነው። ከዚህም በላይ በአንድ አገር የሚኖሩ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው የሚከባበሩበት ወይም የሚናናቁበት አንዱ በር ነው። ይህንኑ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከእኛ መካከል የጉራጌም፤ የትግራይም፤ የወለጋም፤ የጎንደርም ልጆች ይገኛሉ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጥቂቶቻችን በዕረፍት ቀን ተራ በተራ አንዳችን ወደ ሌላችን ቤት እየሄድን፤ የጓደኞቻችን እናቶች የሚሠሩትን ምግብ ከእጃቸው ለመማር ተነሣሣን። በመጀመሪያ የወሰደን ሆዳችን ነበር ብንል ሐሰት አይደለም። እየቆየ ግን ከሆዳችን ይልቅ አእምሮአችን የተጠቀመ መሆኑን ተረዳን። መቅመስና መሥራት የተለያዩ ናቸውና። የሚቀምስ ሰው «ይጣፍጣል» ወይም «አይጣፍጥም» ብሎ ፈርዶ ይነሣል፤ የሚሠራ ሰው ግን ከመፍረዱ በፊት መጠየቅ፤ መጠበቅና መታዘዝ ግድ ይሆንበታል።

ለምሳሌ ቆጮን እንውሰድ። እንሰትን በቅርብ አይቶ የማያውቅ ሰው «እንጨት ደግሞ ይበላል እንዴ?» ብሎ ሲሥቅ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ይህ ሣቅ ካለማወቅ የመጣ ነው። እንሰት ሙዝ የሚመስል፤ ነገር ግን ፍሬው የማይበላ ተክል ነው። ምግብ የሚሆነው ግንድ መስሎ የሚታየው የቅጠሉ መሠረትና ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ነው። ከተተከለ በኋላ እንደ አገሩ አየር ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያህል ይጠበቃል። ከዚያም ሴቶች ተሰብስበው ይፍቁታል፤ ሥሩንም ይከትፉታል፤ የተጨመቀው ውሃ ሲረጋ ከሥር የሚቀረውን ነጭ ዝቃጭ ቡላ ብለው ለብቻ ያስቀምጡታል። የቀረው የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፤ ድንጋይ ተጭኖበት፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት እንዲብላላ ይደረጋል። ለመጋገር የተፈለገ ዕለት ጭረቱ በቢላዋ ተከትፎ፤ ውሃው ተጨምቆ፤ በቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይወጣል። ቃጫውም ገመድ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የሚጣል ነገር የለም ለማለት ይቻላል።

ይህን ሥራ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ የሞከረ ሰው ዳግመኛ አይሥቅም። እንሰትን አልምቶ ዋና ምግቡ ያደረገ አገር የእኛው አገር ብቻ ነው። ዛሬም 20 ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ሕዝብ ኑሮው በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ዝናብ ቀርቶ እህል ሲደርቅ እንሰት ጸንቶ ይቆማል፤ በጉድጓድ የተቀመጠውም ቆጮ ለረጅም ጊዜ አይበላሽም። ስለዚህ በጓሮው እንሰት ያለው ቤተ ሰብ ለክፉ ቀን የሚጠጋበት ጎተራ አለው ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ከጎንደር የመጣች ጓደኛችን ቆጮው ከጉድጓድ ሲወጣ ባሸተተች ጊዜ «ይህማ የእርሾ ሽታ ነው» አለች። እውነትም ነበር። የጤፍ ሊጥ ከቀድሞው ቡኮ በቀረ እርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ የሚያብላላው በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ነው፤ ቆጮንም የሚያብላላው የዚሁ ወገን ነው። የእንጀራ ባለሙያ ከሊጡ ጥቂቱን በፈላ ውሃ አብስላ አብሲት ትጥልበታለች፤ አብሲት ያልተጣለበት እንጀራ ዓይኑ አያምርምና። የቆጮ ባለሙያም ጉድጓዱን መቼ መክፈት፤ መቼ መገልበጥ እንደሚገባት ታውቃለች። እንግዲህ ባለጤፏና ባለእንሰቷ ሳይተያዩ ወደ አንድ ዕውቀት ደርሰዋል።

ገብስም እንዲሁ ያስተምራል። ተቆልቶ ሲፈጭ በሶ ይባላል፤ ይኸውም የመንገደኛ ስንቅ ነው። በሶው በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይሆናል፤ በኦሮሞ ዘንድ እንግዳ የሚከበርበት ምግብ ነው። ወደ ምሥራቅ ትግራይ ስንሻገር ደግሞ የተቆላው የገብስ ዱቄት በውሃ ታሽቶ በትንንሹ ይድቦለቦልና ጥሕሎ ይባላል፤ ጫፉ ሹል በሆነ እንጨት እየተወጋ ከወጥ እየተጠቀሰ ይበላል። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ስማቸውና አለባበሳቸው ተለየ እንጂ።

ፈጽሞ አዲስ የሆነብንም አለ። የወለጋው ጓደኛችን እናት ያሳዩን አንጮቴ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፤ በኋላ ተልጦ፤ በቅቤ ይቀርባል። ለመስቀል በዓል የሚወደድ ሲሆን፤ ለወላድና አጥንቱ ለተሰበረ ሰውም ይመረጣል።

አንዳንድ ወላጆች «የሃይማኖት ሥርዓታችንስ?» ብለው ቢጠይቁ የሚገባ ጥያቄ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በሥጋ ዕርድ እንደሚለያዩ፤ ጾሙም እንደየሃይማኖቱ የተለየ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሰው ከመጋበዛችን በፊት አስቀድመን እንጠይቃለን፤ ሥጋና ቅቤ ከሌለበትም እንጀምራለን። ሽሮው፤ ምስሩ፤ ጎመኑና ቆጮው ብዙ ሰው በአንድ ገበታ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። የጎረቤትን ምግብ መማር የጎረቤትን ክልክል መማርም ነውና።

ሌሎች «ወንድ ልጅ ከጓዳ ምን አለው?» ይላሉ። የሚበላ ሁሉ ከጓዳ ጉዳይ አለው ብለን እንመልሳለን። እናቱ ወይም እኅቱ ምን ያህል እንደምትደክም ያልገባው ወንድ፤ የሌላውን ሕዝብ ድካም ሊገባው እንዴት ይችላል?

ደግሞም «የሰውን ስንከተል የራሳችን ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የራሳችን የምንለው በርበሬ እንኳ ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር የተገኘ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1492 በፊት በእኛ አገር የሚያውቀው አልነበረም። ፓስታም እንዲሁ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣልያ ወረራ አለፈ፤ ፓስታው ግን በርበሬ በገባበት ስጎ ተለውሶ፤ አንዳንድ ጊዜም ከእንጀራ ጋር፤ በገበታችን ቀረ። እንግዲህ ገበታችን ከጥንት ጀምሮ ሲማር የኖረ ገበታ ነው።

በእርግጥ የሚጠፋው ማንም ሳይማረው የቀረው ነው። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ በልብ ብቻ የተያዘ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እናቶቻችን በእጃቸው ይመዝናሉ እንጂ በሚዛን አይሰፍሩም፤ በሽታው ያውቃሉ እንጂ ሰዓት አይቆጥሩም። አጠገባቸው ቆሞ ካላየ በቀር ማንም ሊወርሰው አይችልም።

ስለዚህ ከልምዳችን ያገኘናቸውን ሦስት ምክሮች እናቀርባለን። አንደኛ፤ ምግቡን ከሚያውቅ እጅ እንማር፤ እንጨት ፈልጠን፤ ውሃ ቀድተን፤ ሽንኩርት ልጠን እንማር። ሁለተኛ፤ በመጀመሪያ ባለቤቶቹ እንደሚሠሩት አድርገን እንሥራ፤ «እኛ ብንሆን እንዲህ እናሻሽለዋለን» ማለት በኋላ የሚደርስ ነው። ሦስተኛ፤ ምግቡን ባለቤቶቹ በሚጠሩት ስም እንጥራው፤ አሠራሩንም ሳንውል ሳናድር እንጻፈው።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በሚመጣው መስከረም ከዚህ አንገኝም። የምግብ አሠራር የጻፍንበትን ደብተር ግን ለቤተ መጻሕፍታችን ትተን እንሄዳለን። እስከ ዛሬ የተጻፈባቸው ገጾች 11 ብቻ ናቸው፤ ባዶዎቹ ይበዛሉ። የሲዳማው፤ የሐረሩ፤ የኮንሶው፤ የአፋሩ፤ የጋምቤላው ምግብ ገና አልገባም። በክረምቱ ዕረፍት እያንዳንዳችሁ ከአንድ ጎረቤት አንድ ምግብ ተምራችሁ ብትመለሱ፤ ደብተሩ ለዓመቱ በዓል ሳይደርስ ይሞላል። ወላጆቻችንም የሰው ልጅ በራችሁን አንኳኩቶ «እማማ፤ ያስተምሩኝ» ሲላችሁ ጓዳችሁን እንድትከፍቱለት በትሕትና እንለምናችኋለን።