ጣዕም ከማሳ ይጀምራል
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ብቅል ገብስ፣ ስለ ድፍድፍና ስለ ጢስ ጣዕም የቀረበ ንግግር







ገብስ አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «ገብስ ያው ገብስ ነው። የአንዱ ጆንያ በብቅል ገብስ ዋጋ ሲገዛ የሌላው ለምን ከመጋዘን በር ይመለሳል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም የሚገኘው ገብሱ በቅሎ፣ ተፈጭቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

የመካኒሳው አልኮልና የእህል መጠጥ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ላይ፣ ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ከሞላሰስ አልኮል ሲያወጣ ኖሯል። ሞላሰስ ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፍ ጥቁርና ወፍራም ፈሳሽ ነው። ስኳሩ በውስጡ ስላለ በውኃ ይቀጥንና እርሾ ይጨመርበታል፤ ብቅል አያስፈልገውም። ከዚህ ዓይነቱ አልኮል የሚፈለገውም ንጹሕና የራሱ ጣዕም የሌለው እንዲሆን ነው። የኡዞ ጣዕም ከአኒስ፣ የጂን ጣዕም ከጥድ ፍሬ በኋላ ይጨመራል።

እህል ግን እንዲህ አይደለም። በገብስ ፍሬ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ነው፤ እርሾ ደግሞ ስታርችን መብላት አይችልም። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ፍሬው ሲበቅል የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ነው። የብቅል ጥቅሙ ይኸው ነው። ጣዕሙም ከእህሉ ራሱ ይመጣል።

ባለሙያ ጠላ ጠማቂ ይህን በእጇ ታውቀዋለች። ጌሾና ብቅል ትጠነስሳለች፣ ቂጣ ጋግራ ትቆርስበታለች፣ እንኩሮ አዘጋጅታ ትደፈድፋለች። ቂጣውና እንኩሮው በእሳት ስላለፉ ስታርቻቸው ተከፍቷል፤ ብቅሉም በቀላሉ ይሠራበታል። አሻሮውን ለቀለምና ለጣዕም ትቆላለች፤ ብቅሉን ግን በፀሐይ ታደርቃለች እንጂ አትቆላም። ቢቆላ ኃይሉ ይሞታልና። ጋኑን በወይራ አጥና የጢስ ጣዕም ትሰጠዋለች።

ጢሱ እህሉ ላይ ሲሆን

የጢስ ጣዕም በሌላም አገር ይወደዳል። በስኮትላንድ፣ አይላ በምትባል ደሴት፣ ብሩክላዲ የሚባል በ1881 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የውስኪ ፋብሪካ አለ። ይህ ፋብሪካ ኦክቶሞር የተባለ ጢሳም ውስኪ በየጊዜው በተወሰነ ቁጥር ያወጣል። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

እዚያ የሚታጠነው ዕቃው ሳይሆን እህሉ ነው። ብቅሉ እርጥብ ሳለ የፒት ጢስ ይለቀቅበታል። ፒት በረግረግ ቦታ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከተጠራቀመ የዕፅዋት ብስባሽ ተቆርጦ የሚደርቅ ማገዶ ነው። በብቅሉ ላይ የቀረው የጢስ ቅመም፣ ፌኖል የሚባለው፣ በሚሊዮን እጅ ይለካል። ሌሎች ጢሳም ውስኪዎች ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 55 ሲሆኑ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦክቶሞር 8.3 ግን 309 ደርሶ ነበር። ይህ ልክ የብቅሉ እንጂ የጠርሙሱ አይደለም። በድፍድፉና በማጣራቱ ሂደት ብዙው ጢስ ይቀራል።

ድፍድፉ የሚወስነው

የተፈጨው ብቅል በመጀመሪያ ወደ 64 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ከውኃ ጋር ይደባለቃል። ኢንዛይሙ በዚህ ሙቀት ስታርቹን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስኳር ያደርገዋል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ከልክ ካነሰ ስታርቹ አይከፈትም። ቀጥሎ የበለጠ ትኩስ ውኃ እየፈሰሰበት የቀረው ስኳር ይታጠባል። ጠላ በቀናት የሚያደርገውን ይህ በሰዓታት ያደርገዋል።

የፈሳሹ ጥራትም ጣዕሙን ይለውጣል። ቀስ ብሎ ጠርቶ የወረደ ፈሳሽ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል መጠጥ ይሰጣል። ተቻኩሎ ደፍርሶ የወረደ ደግሞ የእህልና የለውዝ ጣዕም ያመጣል። የሚያጠራው የገብሱ ገለባ ነው፤ እንደ ወንፊት ያገለግላል። ገለባው ከደቀቀ ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ አልፎም መውረድ ያቆማል። የሚተርፈው አተላ፣ እንደ እኛው አገር አተላ፣ ለከብት ይሰጣል።

ለአባላት ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ከኦክቶሞር ጠርሙሶች መካከል ቁጥራቸው በ.3 የሚያልቀው የሚሠሩት ኦክቶሞር በተባለው እርሻ ላይ ከበቀለ ገብስ ብቻ ነው። የጠርሙሱ ቁጥር ውስን የሚሆነው የማሳው ምርት ውስን ስለሆነ ነው። የእርሻው ስም ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ በዓለም ይሸጣል።

ከአባላት የሚጠበቀው

በአገራችን የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከመንግሥት እጅ ወደ ኦሮሚያ ግብርና ኅብረት ሥራ ፌዴሬሽን መዛወሩ፣ ገበሬው ከገብስ ሻጭነት አልፎ የብቅል ባለቤት መሆን እንደሚችል አሳይቷል። ባለቤትነት ግን ያለ ጥራት አይጸናም። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ዝርያ አይደባለቅ። ሆልከር፣ ሚስካል-21 እና ሳቢኒ በአንድ ቀን እኩል አይበቅሉም። አንዱ ሲደርስ ሌላው ጥሬ ይሆናል፤ ጥሬው ደግሞ በድፍድፉ ውስጥ ስኳር አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ዩሪያ በምክርና በወቅቱ ይጨመር። ዘግይቶ የተጨመረ ዩሪያ ፕሮቲን ያበዛል፤ ፕሮቲን ሲበዛ ስታርች ይቀንሳል። ለብቅል የሚመረጠው ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 12 በመቶ የሆነ ገብስ ነው።

ሦስተኛ፣ ውቂያው ፍሬውን አይስበር። የተሰበረ ፍሬ አይበቅልም፤ ይሻግታል።

አራተኛ፣ ከሽያጭ በፊት ይፈተን። 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና በ3ኛው ቀን መቁጠር ነው። ከ95 በታች ከበቀለ ፋብሪካው ሊቀበለው ይቸገራል። አዲስ የታጨደ ገብስ ግን ለጥቂት ሳምንታት ሊተኛ ስለሚችል ቆይቶ እንደገና ይፈተን።

የዩኒየን ጭነት በአንድ መኪና ይሄዳል፤ ናሙናውም በአንድ ይወሰዳል። የአንድ አባል ቸልተኝነት የብዙ ቤተሰብ ዋጋ ያወርዳል። የመሠረታዊ ማኅበራት አመራሮች ገብሱን በየዝርያው ለይተው ቢረከቡ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም የዘርና የመጋዘን አቅርቦቱን በወቅቱ ቢያሟሉ፣ ከበር የሚመለስ ጆንያ ይቀንሳል።

ጠማቂም ሆነ ፋብሪካ ከማሳ ያልመጣውን ጥራት በድፍድፍ ውስጥ ሊፈጥር አይችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ጥራትም የሚጠበቀው በኅብረት ነው።

መልካም በዓል!