ለልደትም እናዋጣ



ተመራቂዎች፣ አብዛኞቻችሁ በሰው ሀብት አስተዳደርና በሒሳብ አያያዝ ነው የተመረቃችሁት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የቅጥር ማስታወቂያ የምታወጡት፣ የፈቃድ ቅጽ ላይ የምትፈርሙት፣ ፔሮል የምትሠሩት እናንተ ትሆናላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ የመረጥኩት በእጃችሁ ስለሚያልፍ ጉዳይ ነው። ጠዋት ሥራ የሚገቡ፣ ቤታቸው ግን ሕፃን፣ በሽተኛ ወይም አረጋዊ ትተው የሚመጡ ሰዎች ጉዳይ።

በእኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም። ምጥ ሲይዛት ጎረቤቱ «ማርያም ማርያም» ይላል፤ ስትገላገል እልልታው ይቀልጣል፤ ገንፎና አጥሚት ይዞ የማይመጣ የለም። ሙስሊም ጎረቤቷም እንደዚሁ ናት፤ ለአራስ የማይራራ ሃይማኖት የለንም። ይህ ሁሉ ደግነት ግን የተመሠረተው ሴቲቱም ጎረቤቷም ቤት በሚውሉበት ኑሮ ላይ ነበር። የዛሬዋ አራስ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት፣ ነርስ ናት፣ የልብስ ፋብሪካ ስፌት ሠራተኛ ናት። ጎረቤቷም ማታ ታክሲ ተሰልፋ ነው የምትገባው። እናቷ ከክፍለ ሀገር መጥታ ብታርሳትም እርሻውና ከብቱ ይጠብቃታልና ትመለሳለች። ጎረቤቱ ሲሸከመው የኖረውን ዛሬ ማን ይሸከመው?

ሕጋችን መልስ መስጠት ጀምሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ብቻ ነበር። ያ አንድ ወር በነፃ የመጣ አይደለም፤ ለእሱ የተከራከሩትን ሁሉ ከዚህ መድረክ አመሰግናቸዋለሁ።

ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በየቤቱ እየዞሩ የሚያስተምሩትን አስቡ። ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይሰጠው ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ጤና ጣቢያው 6 ወር ይላታል፣ አዋጁ 90 ቀን ይላታል። በመካከሉ ያለውን ሦስት ወር እናቲቱ እንደምንም ብላ ትሙላው ማለት ነው።

በሰው ሀብት ሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከአራስነት ተመልሳ ለአለቃዋ ማመልከቻ ስትጽፍ አይቻለሁ። የጠየቀችው ልጇን አጥብታ ለመመለስ የምሳ ሰዓቷ በአንድ ሰዓት እንዲረዝምላትና ያንኑ ሰዓት ማታ አምሽታ እንድትተካው ነበር። «አዋጁ አያስገድደንም» የሚል መልስ ተጻፈላት፤ ወሩ ሳያልቅ ሥራውን ለቀቀች። ድርጅቱ ምትክ ፈልጎ፣ ቀጥሮ፣ አሠልጥኖ እሷ የምትሠራውን የሚሠራ ሰው እስኪያገኝ ስንት እንደወጣበት የቆጠረ የለም። ተመራቂዎች፣ እናንተ ቁጠሩት። የሒሳብ ባለሙያ ይህን ወጪ በአኃዝ አስልቶ ለሥራ አስኪያጁ ቢያቀርብ ከማንኛውም ልመና በላይ ይሰማል።

ስለ አባቶችም ልናገር። ይኸው አዋጅ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ምንም ስላልነበረ ጅምሩን አልንቀውም። ይሁን እንጂ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል ሳትወጣ የባሏ ፈቃድ ያልቃል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቷል፤ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዟል። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ከመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ያነሰ አባት አያስፈልገውም። እዚህ የተቀመጣችሁ ወንዶች ልጆቻችን፣ ያገኛችሁትን ፈቃድ ሳታፍሩ ውሰዱ። ጓደኛችሁ ሲወስድም አትሳቁበት፤ ቀልዱ ስንቱን አባት ከልጁ አርቆታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያን የ120 ቀን ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው? አሠሪው ብቻውን ነው። አሥር ሠራተኛ ያላት ትንሽ ድርጅት ሁለት ሴቶች በአንድ ዓመት ቢወልዱባት ደመወዙንም የምትኩንም ወጪ ራሷ ትችለዋለች። እናም ቀጣሪው የሥራ ልምዳቸው እኩል የሆነ ወንድና አዲስ ያገባች ሴት ሲቀርቡለት ምን እንደሚያሰላ ታውቃላችሁ። በቃለ መጠይቅ ላይ «ለመውለድ አስበሻል?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል። ጥያቄው ነውር ነው፤ እናንተ በምትቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ እንዳይነሳ እለምናችኋለሁ። ሒሳቡ ካልተስተካከለ ግን ቀጣሪው አፉ ቢዘጋም በልቡ መጠየቁን አይተውም።

እኛ የዕድር ሕዝብ ነን። ሐዘን የአንድን ቤት ጎን እንዳይሰብር በየወሩ እናዋጣለን፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ ከመዋጮው ይወጣል። ዘንድሮ ሐዘን የደረሰበትን «ለምን አንተ ዘንድ መጣ?» ብሎ የሚነጫነጭ የለም። ለቀብር እንዲህ የምናዋጣ ሰዎች ለልደት ማዋጣት አያቅተንም። ሩዋንዳ በአውሮፓውያኑ 2016 ባወጣችው ሕግ ይህን አድርጋለች። ሠራተኛው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ከደመወዙ 0.3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 0.3 በመቶ ያዋጣሉ። የፈቃዱን የመጀመሪያ 6 ሳምንት ደመወዝ አሠሪው ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከመዋጮው የተሰበሰበው ፈንድ ይሸፍናል። 0.3 በመቶ ከ10,000 ብር ደመወዝ ላይ 30 ብር ነው፤ ብዙ የከተማ ዕድር ከዚህ የበለጠ ያስከፍላል። መሰብሰቢያው መንገድም አለን። ለጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ይገባ የለም? በዚያው ፔሮል ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ነው። ያኔ ሴት ልጅ መቅጠር ለማንም ስጋት አይሆንም።

ጡረታን ካነሳሁ ይህንንም ልበል። ወርሃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። 9 ዓመት ሠርታ በሽተኛ እናቷን ለማስታመም ሥራ የለቀቀች ሴት ወደ ሥራ ካልተመለሰች በስተርጅናዋ ወርሃዊ አበል የላትም። አስታማሚነቷ ሥራ ሆኖ አይቆጠርላትም። ልጁ ሆስፒታል የተኛበት ሠራተኛም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሊጠይቅ የሚችለው ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም የሚሰጠውን እስከ 5 ቀን የሚደርስ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ነው፤ እሱም በዓመት ከሁለት ጊዜ አያልፍም። ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 ያጸደቀችው ብዙዎቻችሁ ሳትወለዱ፣ በ1983 ዓ.ም. ነው። ቃላችንን ለመፈጸም ረጅም ጊዜ ወስደናል።

አንዲት ሴት ደግሞ በየቤታችን አለች። እኛ ቢሮ እንድንውል ልጃችንን የምትይዘው፣ አሮጊት እናታችንን የምታጥበው የቤት ሠራተኛ። አዋጁ እሷን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ ነገሯን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ከቤት ሠራተኞቹ መካከል የራሷን ልጅ ገጠር አያት ዘንድ ትታ የመጣች አለች፤ ቤይሩትና ሪያድ ድረስ የሄዱም አሉ። ነገ ደመወዝተኛ ስትሆኑና ሠራተኛ ስትቀጥሩ የዕረፍት ቀኗን፣ የማታ ትምህርቷንና የደመወዟን ቀን አክብሩላት። አሠሪ ሆናችሁ የምትፈተኑት መጀመሪያ በገዛ ቤታችሁ ነው።

ሥራ ስትገቡ በመጀመሪያው ሳምንት የድርጅታችሁን የኅብረት ስምምነት ጠይቃችሁ አንብቡ። አዋጁ ከዚህ በታች አትውረዱ ይላል እንጂ ከዚህ በላይ አትስጡ አይልም፤ የተሻለ ነገር በስምምነት መጻፍ ይቻላል። ለምሳሌ ለምታጠባ እናት የአንድ ሰዓት ፋታ፣ ጡቷን የምታልብበት በር ያለው ንጹሕ ክፍል፣ ለአባት 10 ቀን፣ ልጅ ሲታመም ከደመወዝ ጋር ፈቃድ፣ ከጎረቤት ድርጅቶች ጋር በጋራ የሚከራዩት የሕፃናት ማቆያ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሲደራደር ወጪውን አስልታችሁ ከጎኑ ተቀመጡ፤ ሥራ አስኪያጁም ስሌቱን ከእናንተ ይጠብቃል።