ከመጠጥ ለመላቀቅ አብሮ የሚቆም ሰው

የአልኮል ሱሰኝነት፣ ማለትም ሰው መጠጥ ለማቆም እየፈለገ ራሱን መቆጣጠር የሚሳነው ሕመም፣ ታማሚው ችግሩን ከሰው ሸሽጎ ብቻውን ሲታገለው ይበልጥ ስለሚበረታ፣ በአቅራቢያ የድጋፍ ቡድን ማፈላለግ ከሕክምና ጎን ለጎን ሊወሰድ የሚገባው እርምጃ ነው። የድጋፍ ቡድን የሚባለው ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎች በቋሚ ቀንና ሰዓት ተገናኝተው ልምዳቸውን የሚካፈሉበት ስብስብ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተመሠረተው በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ ነው። ከመስራቾቹ አንዱ የሆነው ቢል ዊልሰን፣ የንግድ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀርቶ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ሳለ የመጠጥ ቤቱ ሁካታ ቢስበውም፣ ወደዚያ ከመግባት ይልቅ ስልክ አንሥቶ የሚያነጋግረው ሌላ የመጠጥ ሱሰኛ እንዲያገናኙት በመጠየቁ፣ ሁለተኛው መስራች ከሆነው ከሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር ሊተዋወቅ በቅቷል። ሱሰኛን ሱሰኛ እንደሚረዳው ማንም አይረዳውም የሚለው የቡድኑ እምነት የተወለደው ከዚህ ግንኙነት ነው።

ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ የአባልነት ክፍያ የለም፣ ሙሉ ስም መናገርም ግዴታ አይደለም። ዝግ ስብሰባ ለሱሰኞች ብቻ የተወሰነ ሲሆን፣ ክፍት በሚባለው ግን ቤተሰብም መገኘት ይችላል። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ መንዘፍዘፍ ሊገጥመው ስለሚችል፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ ሐኪም ያማክርለት፤ ለመጀመሪያው ስብሰባም እስከ በሩ ድረስ ይሸኘው።